ስደተኛን ስላለመመለስ የተገባው የመንግሥታት ቃል

መንግሥታት ስለ ስደተኞች በጄኔቭ ከተማ ውል ከተዋዋሉ ከሰባ ዓመት በላይ ሆነ። (ዘመኖቹ የሚነገሩት እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።) ከመቶ አርባ የሚበልጡ መንግሥታት ይህን ውል ወይም በኋላ የተጨመረለትን ፕሮቶኮል ተቀብለዋል። ውሉ ይፍረስ ብሎ በግልጥ የሚከራከር መንግሥት እምብዛም አይገኝም፤ በየጉባዔውም ስሙ በክብር ይጠራል። ዳሩ ግን ውሉን ሳያፈርሱ ፍሬውን የሚያስቀሩበት ዘዴ ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ወዲህ እየበዛ ሄዷል። ዘዴውም እንደሚከተለው ነው። ውሉ ከበር የደረሰውን ስደተኛ ወደ አሳዳጁ አትመልሱት ስለሚል፣ ስደተኛው ከበሩ እንዳይደርስ በሩን ራሱን ከሀገር አርቆ በባሕር መካከል ወይም በሌላ መንግሥት ምድር ላይ መትከል ነው። በዚህ በር ፊት ከሚቆሙት ውስጥ ብዙዎቹ የአፍሪካ ቀንድ ልጆች ስለ ሆኑ፣ ነገሩ ለኢትዮጵያ ሹማምንትና ሊቃውንት የሩቅ አገር ወሬ ሊሆን አይችልም።

የተሳደደ ሰው የሚማጸንበት ስፍራ እንዲኖረው ማድረግ ከጥንት ጀምሮ የተያዘ ሥርዓት ነው። በኦሪት፣ ሳያውቅ ነፍስ ያጠፋ ሰው ከደም ተበቃይ የሚያመልጥባቸው ስድስት የመማጸኛ ከተሞች ተለይተው ነበር፤ ተማጻኙ በከተማው በር ቆሞ ነገሩን ለሽማግሌዎች እንዲናገር፣ እነርሱም ተቀብለው ለተበቃዩ አሳልፈው እንዳይሰጡት በመጽሐፈ ኢያሱ ተጽፏል። በኢትዮጵያም ከታላላቆቹ አድባራትና ገዳማት ቅጽር ገብቶ ደወል የደወለ ሰው ነገሩ እስኪታይ ድረስ እንዳይነካ ልማድ ነበረ። የእስላም ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩትም፣ በ615 ገደማ ከመካ ተሰደው ባሕር የተሻገሩት የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ወደ አክሱም ንጉሥ በመጡ ጊዜ የቁረይሽ ሰዎች እጅ መንሻ አስይዘው መልክተኞች በመላክ ስደተኞቹ እንዲመለሱላቸው ጠየቁ። ንጉሡ አስቀድመው ስደተኞቹን አስጠርተው ነገራቸውን ሰሙ፤ ከሰሙም በኋላ አሳልፌ አልሰጥም ብለው እጅ መንሻውን መለሱ። የዛሬው የስደተኞች ሕግ ገጹ ቢበዛ፣ አንቀጹም ቢረዝም፣ መሠረቱ ከነዚህ ከሁለቱ ነገሮች አይወጣም፤ ሳይሰሙ አለመፍረድና ወደ አሳዳጅ አለመመለስ።

ይህ ልማድ በመንግሥታት መካከል ወደ ጽሑፍ ሕግ የተለወጠው ከብዙ መከራ በኋላ ነው። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ከሩስያ የተሰደዱት ብዙ ሰዎች ዜግነታቸውን አጥተው የይለፍ ወረቀት የሚሰጣቸው ስላልነበረ፣ የመንግሥታት ማኅበር ኖርዌያዊውን ፍሪድዮፍ ናንሰንን በ1921 የስደተኞች ጉዳይ ኃላፊ አድርጎ ሾመ፤ በ1922ም በስሙ የተጠራው የናንሰን ፓስፖርት ወጣ። በ1933 የተጻፈው ውል ስደተኛን ከወሰን ስላለመመለስ አንሥቶ ነበር፤ የተቀበሉት መንግሥታት ግን ጥቂቶች ነበሩ። በ1938 ሠላሳ ሁለት መንግሥታት በፈረንሳይ አገር በኤቪያን ከተማ ተሰብስበው ከጀርመን ስለሚሰደዱት አይሁድ ቢመክሩ፣ አብዛኞቹ ሐዘናቸውን ገልጠው በራቸውን ሳይከፍቱ ተለያዩ። በሚከተለው ዓመት ሴንት ሉዊስ የተባለችው መርከብ 937 መንገደኞች ጭና ከሐምቡርግ ወደ ኩባ ሄደች። ከጥቂቶቹ በቀር መንገደኞቹ እንዲወርዱ አልተፈቀደም፤ አሜሪካም አልተቀበለቻቸውም፤ መርከቧ የመጣችበትን ባሕር ተሻግራ ተመለሰች። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ ቤልጅግና ሆላንድ ተከፋፍለው ቢወስዷቸውም ጀርመን ከነዚህ አገሮች ሦስቱን በኋላ ስለ ያዘ ከመንገደኞቹ 254ቱ በዚያ ጦርነት ዘመን አለቁ።

በዚያው ዘመን ስደት በኢትዮጵያም ላይ ደርሷል። በ1936 የፋሺስት ጦር አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ተቀመጡ፤ ብዙ መኳንንት፣ ወታደሮችና ቤተ ሰቦችም በኢየሩሳሌም፣ በሱዳን፣ በኬንያና በጅቡቲ ተበተኑ። ያን ጊዜ የኢትዮጵያን ስደተኞች የሚመለከት ውል ስላልነበረ የተቀበላቸው ሁሉ በፈቃዱ ነበር፤ ፈቃዱም በነጋታው ቢለወጥ የሚጠይቀው አልነበረም።

በ1948 የተባበሩት መንግሥታት ጉባዔ የሰብአዊ መብቶችን መግለጫ ባወጣ ጊዜ 48 መንግሥታት ደገፉት፤ ኢትዮጵያም ከነርሱ አንዷ ነበረች። የመግለጫው 14ኛ አንቀጽ፣ የሚሳደድ ሰው ሁሉ በሌሎች አገሮች ጥገኝነት ለመጠየቅና በጥገኝነት ለመጠቀም መብት አለው ይላል። ቃል መመርመር የለመደ ሰው ከዚህ ላይ ቆም ይበል። በረቂቁ የነበረው አነጋገር ለመጠየቅና ለማግኘት የሚል ነበር፤ በክርክሩ ጊዜ በእንግሊዝ መልክተኞች አሳሳቢነት «ለማግኘት» የሚለው ወጥቶ «ለመጠቀም» የሚለው ገባ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ለማግኘት ቢባል ኖሮ የግድ የሚሰጥ መንግሥት ሊኖር ይገባ ነበር፤ ለመጠቀም በተባለ ጊዜ ግን ስደተኛው የሚጠቀመው ሌላው ወዶ ከሰጠው ብቻ ነው። እንግዲህ የማንኳኳት መብት ለሁሉ ተሰጠ፤ የመክፈት ግዴታ ግን በማንም ላይ አልወደቀም።

በጁላይ 28 ቀን 1951 በጄኔቭ የተፈረመው ውልም በዚሁ መንገድ ሄደ። ስደተኛ ማለት በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ ከአንድ ማኅበራዊ ወገን በመሆኑ ወይም በፖለቲካ አሳቡ ምክንያት እሳደዳለሁ ብሎ በቂ ምክንያት ያለው ፍርሃት አድሮበት ከሀገሩ ውጭ የሚገኝ ሰው ነው ብሎ ተረጐመ። መጀመሪያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1951 በፊት በሆነው ነገር ለተሰደዱት ብቻ የተወሰነ ነበር፤ ይህን ወሰን የ1967ቱ ፕሮቶኮል አነሣው። 31ኛው አንቀጽ፣ ሕይወቱ ከሚያሠጋበት አገር በቀጥታ መጥቶ ሳይዘገይ ለሹማምንት ራሱን ያሳወቀ ስደተኛ ያለ ፈቃድ በመግባቱ እንዳይቀጣ ይከለክላል። የውሉ ምሰሶ ግን 33ኛው አንቀጽ ነው። ማንም ተዋዋይ መንግሥት ስደተኛን በእነዚያ ምክንያቶች ሕይወቱ ወይም ነጻነቱ ወደሚያሠጋበት አገር ወሰን «በምንም ዓይነት መንገድ» እንዳያባርር ወይም እንዳይመልስ ያዝዛል። ስለዚህ ውሉ ስደተኛን አስገቡት ብሎ አላዘዘም፤ አትመልሱት ብሎ ግን አዘዘ። በነዚህ በሁለቱ ትእዛዞች መካከል ያለው ክፍት ቦታ የዛሬው ክርክር ሁሉ የሚደረግበት ሜዳ ነው።

የአፍሪካ መንግሥታት በሴፕቴምበር 10 ቀን 1969 በአዲስ አበባ የፈረሙት ውል ይህን ክፍት ቦታ ለመዝጋት ሞክሯል። በጄኔቩ ትርጓሜ ላይ ጨምሮ፣ በውጭ ወረራ፣ በባዕድ ግዛት ወይም የአገርን ጸጥታ ክፉኛ በሚያናውጥ ነገር ምክንያት ቤቱን ለቆ የወጣውን ሰው ስደተኛ ነው አለ፤ በጄኔቭ በዝምታ የታለፈውንም ገልጦ ማንም ሰው ከወሰን ላይ ወደ መከራው እንዳይመለስ ከለከለ። ደግሞም ጥገኝነት መስጠት የሰላምና የርኅራኄ ሥራ ስለ ሆነ በማንም መንግሥት ዘንድ እንደ ጠላትነት እንዳይቈጠር ደነገገ። ብዙ ሀብት የሌላቸው መንግሥታት የጻፉት ውል ከባለጸጎቹ ውል ሰፍቶ መገኘቱ የሚያስገርም ነው። መፈጸሙ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ታንዛንያ በ1995 ከቡሩንዲ በኩል ያለውን ወሰኗን ዘግታለች፤ የኬንያ መንግሥትም በ2016 የሱማሌ ስደተኞች የሰፈሩበትን የዳዳብን ሰፈር እዘጋለሁ ብሎ አስታውቆ በሚከተለው ዓመት የገዛ አገሩ ፍርድ ቤት ከለከለው።

ክርክሩ ወደ ባሕር የወጣው በ1993 ነው። የአሜሪካ መንግሥት ከሃይቲ በጀልባ የሚሸሹትን ሰዎች በባሕር ላይ እየያዘ ነገራቸውን ሳይሰማ ወደ አገራቸው ይመልስ ስለ ነበረ፣ ጉዳዩ ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቀረበ። ስምንት ዳኞች 33ኛው አንቀጽ ከአገር ወሰን ውጭ በባሕር ላይ አይሠራም ብለው ፈረዱ፤ አንዱ ዳኛ ብቻ ተለየ። በዚህ ፍርድ መሠረት ከአገር በር ላይ መመለስ የተከለከለ ሲሆን ወጣ ብሎ በመንገድ ላይ ጠብቆ መመለስ ግን የተፈቀደ ሆነ።

ከ19 ዓመት በኋላ በስትራስቡርግ የሚያስችለው የኤውሮጳ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በተመሳሳይ ነገር ላይ ሌላ ፍርድ ሰጠ። ታሪኩ እንዲህ ነው። በሜይ 6 ቀን 2009፣ ሁለት መቶ የሚያህሉ ሰዎች የተሳፈሩባቸው ሦስት ጀልባዎች ከሊቢያ ተነሥተው ከላምፔዱዛ ደሴት በስተ ደቡብ 35 የባሕር ማይል ርቀት ላይ ሳሉ የኢጣሊያ የፊናንስ ዘበኛና የጠረፍ ጥበቃ መርከቦች ደረሱባቸው። ሰዎቹ ወደ ኢጣሊያ የጦር መርከቦች ተዛወሩ። ስማቸውን የጠየቃቸው፣ ወዴት እንደሚወሰዱም የነገራቸው አልነበረም። ዐሥር ሰዓት ያህል ከተጓዙ በኋላ ግን የደረሱት ትሪፖሊ ነበር፤ አንወርድም ቢሉም በግድ ወርደው ለሊቢያ ሹማምንት ተሰጡ። ከነርሱ ውስጥ 24ቱ፣ ይኸውም 13 ኤርትራውያንና 11 ሱማሌዎች፣ በጠበቆቻቸው አማካይነት ኢጣሊያን ከሰሱ። በዚያው ዓመት በትሪፖሊ የነበረው የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ጽሕፈት ቤት ከከሳሾቹ ዐሥራ አራቱን መርምሮ ስደተኞች ናቸው ሲል አወቀላቸው፤ ይህንንም ምርመራ የኢጣሊያ መርከብ ሊያደርገው ይችል ነበር።

የኢጣሊያ መንግሥት መከራከሪያ ሁለት ነበር። ነገሩ የሆነው ከግዛቴ ውጭ ነው፤ ሥራውም ሕይወት የማዳን ሥራ ነው አለ። ደግሞም ሰዎቹ ጥገኝነት እንፈልጋለን ብለው በቃል አልጠየቁም አለ። ፍርድ ቤቱ በፌብሩዋሪ 23 ቀን 2012 በአንድ ድምፅ ሲፈርድ፣ ሰዎቹ በኢጣሊያ መርከብ ላይ በኢጣሊያ ወታደሮች እጅ እስከ ነበሩ ድረስ በኢጣሊያ ሥልጣን ሥር ነበሩ፤ መንግሥት ሥልጣኑን በባሕር ላይ ከሠራበት ግዴታውም አብሮት ይሄዳል አለ። በሊቢያ የሚጠብቃቸው እስራትና ክፉ አያያዝ፣ ከዚያም ወደ ኤርትራና ወደ ሱማሌ የመመለሳቸው ሥጋት ለሁሉ የታወቀ ስለ ነበረ፣ ጠይቁ ሳይባሉ አልጠየቁም ማለት እንደማያድን ገለጠ። ለእያንዳንዱ ከሳሽ 15,000 ዩሮ ካሣ እንዲከፈል ተፈረደ። ከከሳሾቹ ሁለቱ ግን ፍርዱን ሳይሰሙ ሞተው ነበር።

ይህ ፍርድ ለስደተኞች ታላቅ ድል መስሎ ታየ፤ በእርግጥም ታላቅ ነው። መንግሥታቱ ግን ከፍርዱ የተማሩት ሌላ ትምህርት ነው። ግዴታ የሚመጣው ስደተኛው በእጅ ሲገባ ከሆነ በእጅ እንዳይገባ ማድረግ ይሻላል አሉ። በፌብሩዋሪ 2017 ኢጣሊያ ከሊቢያ ጋር የስምምነት ሰነድ ፈረመች፤ በኤውሮጳ ኅብረትም ርዳታ ጭምር ለሊቢያ የጠረፍ ጠባቂዎች ጀልባና ማሠልጠኛ ተሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ በባሕሩ ላይ ሰዎቹን የሚይዘውና ወደ ሊቢያ እስር ቤቶች የሚመልሰው የሊቢያ ጀልባ ሆነ፤ በላዩም የኢጣሊያ ሰንደቅ ዓላማ ስለሌለ ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት ማቅረቡ እጅግ ከበደ። ሊቢያ የጄኔቩን ውል አልተቀበለችም። የአዲስ አበባውን ውል ግን ተቀብላለች፤ ይኸው የአፍሪካ ውል በአፍሪካ ምድር በየቀኑ ሲጣስ ከአፍሪካ መንግሥታት በኩል የሚሰማው ድምፅ ዝቅ ማለቱ የሚያሳዝን ነው።

ሁለተኛው ዘዴ ስደተኛውን ከደረሰ በኋላ ወደ ሦስተኛ አገር መላክ ነው። ይህን የጀመረችው አውስትራልያ ናት፤ በ2001 ታምፓ የተባለው የኖርዌይ መርከብ ከባሕር ያወጣቸውን 433 ሰዎች አላስገባም ብላ አብዛኞቹን ወደ ናውሩ ደሴት ላከች። እንግሊዝም በኤፕሪል 2022 ከሩዋንዳ ጋር ተዋውላ በትናንሽ ጀልባ የሚመጡትን ወደ ኪጋሊ ልትልክ ተነሣች። የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኖቬምበር 15 ቀን 2023 ይህ አይሆንም ብሎ ፈረደ። ምክንያቱም የሩዋንዳ የስደተኛ ምርመራ ደካማ ስለ ሆነ ስደተኛው ከዚያ ወደ ሸሸበት አገር የመመለስ ሥጋት አለበት የሚል ነው። ፍርድ ቤቱ በማስረጃነት ካነሣቸው ነገሮች አንዱ ለአፍሪካ ቀንድ ሰዎች ቅርብ ነው፤ ከ2013 ጀምሮ እስከ 2018 እስራኤል ወደ ሩዋንዳ የላከቻቸው ኤርትራውያንና ሱዳናውያን በዚያ ጥበቃ ሳያገኙ በስውር ወደ ኡጋንዳ ይሻገሩ ነበር። የእንግሊዝ ምክር ቤት ግን በኤፕሪል 2024 ሩዋንዳ ጸጥታ ያለባት አገር ናት የሚል ሕግ አወጣ። ፍርድ ቤት በማስረጃ መርምሮ አይደለም ያለውን ነገር ነው ብሎ በሕግ መደንገግ በሕግ ታሪክ ብዙ ምሳሌ ያለው አይመስልም። በጁላይ 2024 የተመረጠው አዲስ መንግሥት ዕቅዱን ተወው።

የመንግሥታቱም ነገር ሊሰማ ይገባል። ወሰንን መጠበቅ የመንግሥት ተግባር ነው። በጀልባ ከሚመጡት ውስጥ እንጀራ ፍለጋ የወጡ አሉ፤ ሰውን እንደ ሸቀጥ የሚነግዱ ደላሎችም በዚህ ይከብራሉ፤ ሕዝቡም ይህን አይቶ ያጉረመርማል። ነገር ግን ውሉ ራሱ ይህን ሁሉ አስቦበታል። ከባድ ወንጀል የሠራውን በ1ኛው አንቀጽ ከስደተኛነት ያወጣል፤ በ33ኛውም አንቀጽ ለአገር ጸጥታ አደገኛ የሆነውን ከጥበቃው ይለያል፤ ስደተኛ ሆኖ ያልተገኘውንም ከተመረመረ በኋላ መመለስን አይከለክልም። የሚጠይቀው ተለይቶ እስኪታወቅ ድረስ እንዲሰማ ነው። በባሕር ላይ ግን ስንዴውና እንክርዳዱ ሳይለይ አብሮ ይመለሳል።

የሸክሙም ነገር አለ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት እንዳስታወቀው፣ በ2024 መጨረሻ በዓለም ላይ ከቤታቸው ተፈናቅለው የሚኖሩት 123.2 ሚሊዮን ነበሩ፤ ወሰን ተሻግረው ከተሰደዱት ውስጥ ከመቶ 73 ያህሉን የያዙት ሀብታቸው ዝቅተኛና መካከለኛ የሆኑ አገሮች ናቸው። ስለዚህ በሩን ወደ ባሕር ያወጡት መንግሥታት ሸክሙ ሁሉ የወደቀባቸው አይደሉም። የጄኔቩ ውል በመቅድሙ ሸክሙ በአንዳንድ አገሮች ላይ እንደሚከብድ ጠቅሶ መተባበር ያስፈልጋል ይላል፤ ከአንቀጾቹ ግን ይህን ግዴታ የሚያደርግ አንድም የለም። በ2018 የወጣው የስደተኞች ዓለም አቀፍ ስምምነትም ግዴታ የለበትም። በ2025 ታላላቆቹ ለጋሾች ገንዘባቸውን ስለ ቀነሱ የስደተኞቹ ጽሕፈት ቤት ብዙ ሠራተኞቹን ለማሰናበት ተገደደ፤ ይህም ጉድለት የሚሰማው ከጄኔቭ ይልቅ በጋምቤላ ነው።

ኢትዮጵያ በ1969 ወደ ጄኔቩ ውል ስትገባ ስለ ሥራና ስለ መጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሚናገሩትን አንቀጾች እንደ ምክር እንጂ እንደ ግዴታ አልቀበልም ብላ ነበር፤ ስደተኛውም ለብዙ ዘመን በሰፈር ተወስኖ ርዳታ ጠባቂ ሆኖ ኖረ። በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1110 ይህን ለውጦ በሥርዓት የመሥራትን፣ የመማርን፣ የመዘዋወርን መብት ጻፈ፤ ከወሰን ላይ አለመመለስንም አጸና። ከ2017 ጀምሮ በሰፈሮቹ የሚወለዱት የስደተኛ ልጆች እንደ አገሩ ልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ያገኛሉ። ጽሑፉ መልካም ሆኖ ሳለ ግን ጦርነት ሲነሣ ስደተኛን ከሁሉ በፊት እንደሚጐዳ ታይቷል፤ በ2020 በተነሣው ጦርነት በትግራይ የነበሩት የሽመልባና የሕፃፅ ሰፈሮች ጠፍተው በውስጣቸው ተጠልለው የነበሩት ኤርትራውያን ተበትነዋል።

ከኤፕሪል 2023 ወዲህ ከሱዳን የሚሸሹት በመተማና በኩርሙክ በኩል ገብተዋል። አዋጁም ውሉም በዚያ የሚገኙት በአንድ የወሰን ሹም ብዕር ላይ ነው። የመጣውን ሰው አስቀምጦ ስሙንና የመጣበትን ምክንያት ቢጽፍ፣ ወረቀትም ቢሰጠው፣ ሰውየው በሕግ ጥላ ሥር ገብቷል፤ ሥራ ሊፈልግ፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ሊያገባ ይችላል። መዝገቡ ለወራት ቢዘጋ ወይም ሰውየው ነገ ና እየተባለ ቢጕላላ፣ የማይመዘግበው ደላላ ከገበያው ዳር አለ፤ ዋጋውን ተቀብሎ በበረሃ ወደ ሊቢያ ይመራዋል፤ ከዚያም ወዲያ የሚጠብቀው በባሕሩ ላይ የተተከለው በር ነው።